አሥራ ዘጠነኛው ደብተር

ቪታሊስ ወደ ረጅሙ የወንዶች ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። ሳጎ፣ ያን የዘንባባ ግንድ ዱቄታችንን፣ የሚጠብሰው ሳጎውን ያገላብጣል፣ ከበሮ የሚወጥረው ቆዳውን ይጎትታል፣ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እሱ ግን ምንም እንዳላየ በቤተሰቡ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ይልና ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?» ይላል። የት ደርሰን ነበር! እኛ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላልንም።

እኔ ሶኮር እባላለሁ፣ እንጨት ጠራቢ ነኝ። ሰው አላምንም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ወደ ኋላ የሚገፋበትን ሰዓት እንኳ፣ ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬ፣ ጭቃው ውስጥ ወርጄ እግሬን ካላስነካሁ አላምንም። መንደራችን ዴሴፕ ውስጥ የተወለደ ሁሉ እንዲሁ ነው። ጎህ ሲቀድ በታንኳ የሚመጣ ጠላት ያዩ ሰዎች ልጆች ስለሆንን መጠርጠርን ከጡት ጋር ነው የጠባነው።

ቪታሊስም የዚሁ መንደር ልጅ ነበር። እናቱ ሳጎ ቆርጣ ስትመለስ ታንኳ ውስጥ ነው የወለደችው። ሚስዮኖቹ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ እኛ ትምባሆ ይሰጣሉ ሲባል ገብተን ትምባሆው ሲያልቅ ወጣን፤ እሱ እዚያው ቀረ። አድጎ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ሆነ። እሑድ እሑድ ያነብልናል፣ ሰኞ ሰኞ ይጠይቀናል። ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ጭቃ ላይ ሲሄድ ጉልበቱን እንደ ሽመላ ነው የሚያነሣው።

ጥያቄው ደግሞ ማለቂያ የለውም።

«ባል የሞተባት ሴት ጭቃ ውስጥ የምትንከባለለው ለምንድን ነው?»

«ሟቹ በጠረኗ እንዳያውቃት ነዋ» ትለዋለች ባለቤቴ ኮርዱላ።

«ስንት ቀን?»

«እስኪበቃት።»

«የወንዙ ዳር ጭቃ ነው ወይስ የጫካው?»

«አንተ ሰውዬ፣ መሞት አምሮሃል እንዴ? ሙትና ሚስትህ ስትንከባለል ቁጭ ብለህ እይ!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል፤ እየሳቀ ይጽፋል። ያ ነው የሚያስፈራን። የሚስቅ ሰው እጁ ዝም ማለት ነበረበት።

እኛ ዘንድ የሙታን ስም እንደ ዋዛ አይጠራም። የሟች ስም የወጣለት ነገር የሟቹ ነው፤ ታንኳም ይሁን፣ ጋሻም ይሁን፣ መቅዘፊያም ይሁን። እንግዲህ ስሙ ደብተር ላይ ሲሰፍር ደብተሩ የማን ሊሆን ነው? ቪታሊስ ደግሞ ደብተሮቹን ከምስጥና ከእርጥበት ለማዳን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የሚዘጋቸው። ሟች ቆርቆሮ ውስጥ! አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ባለው ቤት አድሮ አያውቅም።

ጽሕፈቱን ከሁላችን ይልቅ የሚጠላው ግን የገዛ ታላቅ ወንድሙ ያኮር ነበር። ቪታሊስ መጀመሪያ የጻፈው የአባታቸውን ስም ነው። ያኮር ይህን ሲሰማ ደብተሩን ነጥቆ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። «አባታችንን ወረቀት ውስጥ ቀበርከው! ሁለተኛ እንዳታናግረኝ!» አለው፤ እውነትም ሁለት ወር አልተነጋገሩም።

በዚያው ሰሞን ያኮርና እኔ ሳጎ ልንቆርጥ ወጣን። ግንዱን ጥለን ልጡን ስንልጥ እባብ ተረከዙን ነደፈው። በጀርባዬ ተሸክሜው እስከ ታንኳው ለመድረስ ሞከርሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ «አውርደኝ» አለኝ። አወረድሁት። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «ለወንድሜ ንገረው፤ ይጻፍ» አለኝ። «የአባታችንንም ይጻፍ፣ የእኔንም ይጻፍ።» ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ፤ ውሃውን ሳመጣ አልጠጣውም።

መልእክቱን እንዳለ ለቪታሊስ አደረስሁ። ጽሕፈቱን ስለምጠላ መንገድ ላይ ልውጠው አስቤ ነበር፤ ግን የሟች አደራ ነው፣ ማን ደፍሮ ይውጠዋል? ቪታሊስ ጭቃ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በወሩ አዲስ ደብተር ገዛና በመጀመሪያው ገጽ የወንድሙን ቃል ጻፈ። «ወንድሜ ፈቀደልኝ» ይል ነበር፣ ሰው ሲያፌዝበት። ያ ሁሉ ሃያ ስድስት ዓመት የቆመው በዚያች ገጽ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረበት። ለያኮር ምሰሶ አልቆመለትም። በስሙ ምሰሶ ያልተጠረበለት፣ ከበሮ ያልተመታለት ሟች ወደ ሳፋን፣ ወደ አባቶቹ አገር፣ አይሻገርም። ቤት ለቤት ይዞራል፤ መረብ ባዶ ያወጣል፣ ሕፃን በትኩሳት ይመታል። ቪታሊስ ዓሣ በበላ ቁጥር ጅራቱን ለወንድሙ ምድጃው ዳር ያስቀምጥ ነበር። እሑድ ስለ ገነት የሚያስተምር ሰው! ሁለት ጊዜ ትልቁ የምሰሶ ድግስ ተደገሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ «እባቡን የላከው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ምሰሶ ይቆማል?» እያሉ ያኮርን አለፉት። በሦስተኛው ግን የረጅሙ ቤት አለቃ ባካራም «ዘንድሮ አራት ግንድ እናመጣለን፤ አራተኛው የያኮር ነው» አለ። ቪታሊስ፣ ሽበት የወረረው ሰው፣ በሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ዐይኔን አዞርሁ።

አዲስ ምሰሶ ከመጠረቡ በፊት ለአሮጌዎቹ መንገር ልማድ ነው። ድግሱ ሲያልቅ ምሰሶዎቹን የሳጎ ዛፎቹ መሃል ነው የምናጋድማቸው፤ እንዲበሰብሱና ብርታታቸው ወደ ሳጎው እንዲገባ። ነጋዴዎች ምሰሶ ማደን ከጀመሩ ወዲህ ግን ቦታውን የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ባካራም፣ ቀልደኛው ፔሪም፣ ሁለቱ የወንዝ ማዶ ወንድማማቾችና እኔ። አምስታችን ሄድን። ሰባት ምሰሶ ነበር የተውነው። ያገኘነው ሰባት የመጎተት ዱካና ጭቃው ላይ የተንሳፈፈ የሞተር ዘይት ነው።

ባካራም ዘይቱን በጣቱ ነካና አሸተተ። ስንመለስ ሁሉንም ረጅሙ ቤት ሰበሰበና «አባቶቻችን ተሰርቀዋል» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ዐይን አንድ ቦታ ነው ያረፈው። ከሁለት ወር በፊት ባለ ኮፍያ የቅርስ ዕቃ ሰብሳቢ ከሩቅ አገር መጥቶ በቪታሊስ ሰገነት ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ደብተር ሲያገላብጥ ሰንብቷል። ይህን ያላየ የለም።

«ቦታውን ጽፈኸዋል?» አለው ባካራም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። ቪታሊስ ግን መዋሸት የማያውቅ ጉድ ነው። «አዎ» አለ። «አሥራ ዘጠነኛው ደብተር ላይ ነው። ግን ለማንም አላሳየሁም።»

«ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያገላብጥ የነበረው ታዲያ የዓሣ መረብ ነው?»

«የዘፈኖቹን ነው ያሳየሁት። አሥራ ዘጠነኛው ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ ሞኝ፣ በራሱ ላይ ጨመረ፦ «አንዴ ውሃ ልቀዳ ወጥቻለሁ። ያን ጊዜ ከፍቶት እንደሆነ አላውቅም።»

ቤቱ ተንጫጫ። ባካራም እጁን አነሣ። «ማነው ቦታውን የነገረህ?»

«የነገረኝን ሰው ስም አልናገርም፤ አደራ ነው» አለ ቪታሊስ። ወደ እኔ አላየም። ወደ እኔ ላለማየት አንገቱን ሲያደነድን ግን አየሁት።

የነገርሁት እኔ ነበርኋ! ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ጥቅል ትምባሆ ስል «ከፎስ ጅረት አፍ በላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ» ብዬዋለሁ። እዚያ ከሸርጣንና ከጭቃ በቀር ምንም የለም። ምሰሶዎቹ የነበሩት በሌላው ወንዝ ላይ ነው። ደብተሩ ቢከፈት ነገሩ ወዲያው ይለይ ነበር። ባካራም ግን «ያ ወረቀት እዚህ ቤት ውስጥ አይከፈትም፤ ቦታውን ለሴቱም ለሕፃኑም ልታውጁት ነው?» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በዱላ የቪታሊስን ምድጃ ፍም በተነ። «የሌባ ወንድም ምሰሶ አይወጣለትም። አራተኛው ግንድ ሌላ ስም ይይዛል። ግንዶቹ በሦስተኛው ቀን ይመጣሉ፤ ያን ቀን ሌላ ስም እጠራለሁ።»

ቪታሊስ ዓመዱን በእጁ ሰብስቦ ወጣ።

ቤቴ ገብቼ ሳጎዬን መብላት አቃተኝ። ኮርዱላ ታየኝ ነበር፤ እሷን መደበቅ ጭስ መደበቅ ነው። ነገርኋት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«ያንተ ዝምታ ነቅዟል፤ እስከዚህ ይሸተኛል።»

«ስሚ እንጂ! እኔ ውሸት ነው ካልሁ ሌባው ከአምስታችን አንዱ ነው ማለት ነው። ባካራም? ፔሪም? ወይስ ማን? ነገ የምቀዝፈው ከነማን ጋር ነው?»

«ያኮርን በጀርባህ ነው የተሸከምኸው» አለችኝ። «አሁንም እዚያው ነው ያለው፤ ያላወረድኸው አንተ ነህ።» ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ግንድ ልናመጣ ወጣን። እንደ ጦርነት ነው የምንወጣው፤ ግንዱን እንደ ጠላት ከብበን፣ ጮኸን፣ ቆርጠን፣ ቀይ አፈር ቀብተን በታንኳ እናመጣዋለን። እኔ አራቱን ሰዎች በየተራ አያቸው ነበር። ባካራም ለምን እንዲህ ቶሎ ፈረደ? ፔሪም አዲሱን መጥረቢያ ከየት አመጣው? ከወንዝ ማዶዎቹ ታላቅየው ወንድም ለምን ዐይኑን አሸሸ? እነሱም እኔን ያዩኛል። እንዲሁ ቀዘፍን። መንደር ስንደርስ ሴቶቹ እንደ ልማዱ በቀስትና በዱላ እየጮኹ ተቀበሉን፤ ግንዶቹ ረጅሙ ቤት ደጃፍ ተጋደሙ።

ቪታሊስ መጥቶ ነበር። ግባ ስላልተባለ ከሴቶቹ ኋላ፣ ጭቃው ላይ ቆሟል። ብብቱ ሥር ቆርቆሮውን ይዟል።

ባካራም የመጀመሪያውን ግንድ በዱላ መታና ስም ጠራ። ሁለተኛውን መታ፣ ጠራ። ሦስተኛውን መታ፣ ጠራ። ወደ አራተኛው ሲዞር ጉልበቴ ከእኔ ሳይማከር ተነሣ።

«አሥራ ዘጠነኛው ደብተር ላይ ያለው ቦታ ውሸት ነው» አልሁ። «የነገርሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለ ባካራም።

«እኔ። አስነብቡትና ስሙ።»

ባካራም ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝ። ከዚያ ለቪታሊስ በአንገቱ ምልክት ሰጠው። ቪታሊስ ቆርቆሮውን ከፍቶ ደብተሩን አወጣና በዚያ በእሑድ ድምፁ አነበበ፦ «ከፎስ ጅረት አፍ በላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ በስተግራ።»

አምስታችንም ቦታው ያ እንዳልሆነ እናውቃለን። ባካራም ዱላውን ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜ ፔሪም፣ የማያስችለው ፔሪም፣ ሳቁ አመለጠው።

«እኔ ብቻ መስሎኝ!» አለ። «የአዙሪቱ መንፈስ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት ብዬው የለ? ከየት አምጥቶ! ስማቸውን ሁሉ ነገርሁት። አንደኛዋ የውሻዬ ስም ነው!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት አሮጊት «እኔም የልቅሶውን ዘፈን ስሰጠው ጀርባውን ወደ ፊት አዙሬ ነው» አለች። ከወንዝ ማዶዎቹ አንዱ ወንድም የአያቱን ስም በአማቱ ስም እንደለወጠ ተናገረ። ሌላው የታንኳ ምርቃቱን እዚያው ቁጭ ብሎ እንደፈጠረው። ነገርን ነገር ያነሣዋልና እየተሽቀዳደሙ ያወጡት ጀመር፤ የማን ውሸት ይበልጣል በሚል እስከ መወራረድ ደረሱ። ባካራም ራሱ፣ ያ የማይስቅ ሰው፣ «ሳፋን በስንት ወንዝ ይደረሳል ሲለኝ ዘጠኝ አልሁት» ብሎ ሆዱን ያዘ። «ማን ቆጥሮት ያውቃል?»

እኔም ስቄያለሁ፤ መዋሸት ምን ይረባኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ ዞሬ ሳይ ቪታሊስ ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። እያንዳንዱ ሲናገር ደብተሩን ይፈልጋል፣ ገጹን ያገኛል፣ ጣቱን መስመሩ ላይ ያደርጋል፣ ያነሣል። ሌላ ሰው ይናገራል፤ ደግሞ ይፈልጋል። አልተቆጣም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ።

«እንግዲያው» አለ ባካራም በመጨረሻ ዐይኑን እየጠረገ፣ «ቪታሊስ ሌባ ካልሆነ...» እዚያ ላይ ሳቁ እንደ ገመድ ተበጠሰ። አምስታችን ተያየን። እስከ ዛሬም እንደተያየን ነን፤ አሁን ሦስት ብቻ ቀርተናል፣ ማናችንም ከማናችን ትምባሆ አንቀበልም።

ባካራም ዱላውን አንሥቶ አራተኛውን ግንድ መታ። «ያኮር!» አለ። ከበሮው ጀመረ። ሃያ ስድስት ዓመት የተለመነለት ስም ነው፤ ቪታሊስ ግን ቀና አላለም፤ ኮርዱላ ሄዳ ትከሻውን ነካችው።

አራተኛውን ግንድ የመጥረብ ዕጣ ለእኔ ደረሰኝ። ያኮርን ከነአፍንጫው፣ ከነሰፊ ትከሻው አወጣሁት። ፊቱን እየጨረስሁ ሳለሁ ከቀትር በኋላ ቪታሊስ መጣ። ጭቃው ላይ ሲራመድ ጉልበቱን አላነሣም። አንድ ደብተር ብቻ ይዟል፤ የመጀመሪያውን፣ ጠርዙን ምስጥ የበላውን።

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«እሱን ተወው» አለኝ። ደብተሩን ከፍቶ ገጹን ወደ እኔ አዞረው፤ ማንበብ እንደማልችል እያወቀ። «ይሄስ?»

«ምኑ?»

«ወንድሜ የላከልኝ። ይጻፍ ያለው። ይሄንንም አንተ ነህ የነገርኸኝ።»

መጥረቢያው እጄ ላይ ከበደኝ። «እውነት ነው» አልሁት። «ሲሞት ያለው ነው። በአባቴ ስም! በዚህ በያኮር ፊት! እንዲያውም ልነግርህ አልፈልግም ነበር።»

«ቦታውን ስትነግረኝም በአባትህ ስም ምለሃል።»

እውነቱን ነው፤ ምያለሁ። ትምባሆው ጥሩ ነበር።

«እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» አልሁ። የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ ፔሪም ሲዋሽ የሚያወጣውን ድምፅ ይመስላል። «ቪታሊስ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ፤ ፈቅዶልሃል።»

አየኝ። እኔ ሰውን የምጠራጠርበትን ዐይን አውቀዋለሁ፤ አሁን በእሱ ፊት ላይ አገኘሁት። ሃያ ስድስት ዓመት የነገርነውን ሁሉ ያመነ ሰው ነበር። «እሺ» አለኝ፤ «አመሰግናለሁ።» ከዚያ የወንድሙን የእንጨት ፊት በመዳፉ ዳበሰና ሄደ።

ድግሱ ላይ ጨፈረ። ያኮር ተሻገረ፤ ምድጃውም ተመለሰለት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ መስመር አልጻፈም፤ ማንንም ምንም አልጠየቀም። ሰኞ ሰኞ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ይልና እሳቱን ያያል። እኛ «ና እንጂ፣ ዛሬ እውነቱን እንንገርህ» ብለን ለመንነው፤ «ደክሞኛል» ይላል። በሦስተኛው ዓመት በሳል ሞተ። ቆርቆሮውን ለእኔ ነው የተወልኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

አሁን ከከተማ ተማሪዎች እየመጡ ደብተሮቹን ያያሉ። እኔም የትኛው ገጽ ውሸት እንደሆነ እያሳየሁ እነግራቸዋለሁ፦ ይሄ ውሸት፣ ይሄ የፔሪም ውሻ፣ ይሄ የእኔ። ወደ መጀመሪያው ደብተር ስመለስ «ይሄ ግን እውነት ነው፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» እላለሁ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ፈገግ ይላሉ። ባለፈው ኮርዱላን «አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ አይደል?» አልኋት። ሳጎውን እያገላበጠች ነበር፤ ማገላበጧን ቀጠለች።